የግብር ጸሐፊው ልጅ

በፑንጃብ ምድር፣ በሙልታን ወረዳ፣ ራይፑር የምትባል፣ ሕዝቧ ከመቶ ነፍስ እምብዛም የማይበልጥ ትንሽ መንደር ነበረች። በዚያች መንደር የሚኖር አንድ ሕፃን ጎሕ ሲቀድ ከመኝታው ይነሣና ከየትኛው ጎረቤት ጣሪያ ላይ ጢስ እንደሚወጣ በዓይኑ ሲያማትር ቆይቶ፣ ጢሱን ወዳየበት ቤት ገሥግሦ ለእናቱ ምድጃ ፍም ጭሮ ይመለስ እንደ ነበር ይነገራል። እሳት ከጎረቤት እየጫረ ላደገ አንባቢ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ፍሙን በገል ላይ አድርጎ፣ ዐመድ አልብሶ፣ ከነፋስ እየከለለ ሳይጠፋ ከደጅ ማድረስ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ እጁ ያውቀዋልና።

ያ ሕፃን ሃር ጎቢንድ ኮራና ነው። የልደቱ ቀን በመዝገብ የሰፈረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 9 ቀን 1922 ሲሆን፣ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዘመናት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር የተቆጠሩ ናቸው። ከአምስት ልጆች የመጨረሻው ነበር። አባቱ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በነበረችው ሕንድ ፓትዋሪ የሚባለውን ሥራ የያዘ፣ ማለት የመንደሩን እርሻ በመዝገብ የሚያሰፍርና ግብሩን የሚጽፍ ጸሐፊ ነበር። ቤቱ የድሃ ቤት ነበር፤ ሆኖም በመንደሩ ውስጥ ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ ቤተ ሰብ ከዚያ ቤት በቀር አልነበረም ማለት ይቻላል፤ አባትየውም ልጆቹ ሁሉ እንዲማሩ ቁርጥ ሐሳብ ስለ ነበረው፣ የመጨረሻው ልጅ የመጀመሪያዎቹን የትምህርት ዓመታት ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ፊደል ቈጠረ።

የምተርከው ከዚህ ልጅ ሕይወት ጋር የተሳሰረ የአንድ የእጅ ሥራ ታሪክ ነው። ይኸውም ፍጥረት በሕዋስ ውስጥ የምትጽፈውን ፊደል ሰው በገዛ እጁ፣ በጠርሙስና በማጥለያ፣ አንዱን ከአንዱ እየቀጠለ የጻፈበት ጥበብ ነው። ስለ ሕይወት ምስጢር የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወድሱት አንባቢውን ነው፤ እኔ ግን ያ ጽሕፈት በእርግጠኝነት ሊነበብ የቻለው አስቀድሞ መጻፍን የተማረ ሰው ስለ ተገኘ ነው ብዬ አምናለሁ።

ልጁ በሙልታን ከተማ በዲ.ኤ.ቪ. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ላሖር ከሚገኘው የፑንጃብ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1943 የመጀመሪያውን፣ በ1945 ሁለተኛውን ዲግሪ ተቀበለ። በዚያም ማሃን ሲንግ የተባሉት መምህር፣ በሙከራ ሥራ ትክክለኛነታቸው የታወቁ ሰው፣ የእጅን ጥንቃቄ አስተማሩት። በዚያው ዓመት የሕንድ መንግሥት በሰጠው የትምህርት ዕድል ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ፣ በሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ በሮጀር ቢር መሪነት በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሲሠራ ቆይቶ በ1948 የዶክትርናውን ማዕርግ አገኘ።

ከዚያ ወዲያ ኮራና ወደ ዙሪክ ሄዱ። በዚያ በነበረው የፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም ከቭላዲሚር ፕሬሎግ ዘንድ አንድ ዓመት ያህል ሲሠሩ ደመወዝ አልነበራቸውም፤ የኖሩት ካጠራቀሟት ጥቂት ገንዘብ ነው። ነገር ግን ከዙሪክ ሁለት ነገር ይዘው ወጡ። አንደኛው ስለ ሥራና ስለ ትጋት ከፕሬሎግ የቀሰሙት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያልተለያቸው አስተሳሰብ ነው። ሁለተኛው በጀርመንኛ የተጻፉትን የኬሚስትሪ መጻሕፍትና መጽሔቶች ሲመረምሩ ያገኙት፣ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ካርቦዳይኢሚድ የሚባል የንጥረ ነገር ወገን ነው። ይህን ስም አንባቢ ለጊዜው በልቡ ያኑርልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1949 ወደ አገራቸው ሲመለሱ አገሪቱ ለሁለት ተከፍላ፣ የተወለዱባት መንደር በፓኪስታን ወሰን ውስጥ ቀርታ አገኟት። ሥራ ፈለጉ፤ አልተገኘም። በአውሮፓ ታላላቅ መምህራን እጅ የሠለጠነ፣ ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሊቅ በገዛ አገሩ የሚያስጠጋው ቤተ ሙከራ አጥቶ ወደ መጣበት መመለሱን ሳስብ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ያን ጊዜ አዲሲቱ ሕንድ በስደተኛና በረሃብ የተጨነቀች ነበረችና ፍርዱን ማክበድ ባይገባም፣ የጎደለባት ነገር ምን ያህል እንደ ነበር ግን የታሪኩ ቀሪ ክፍል ይናገራል። ኮራና ወደ እንግሊዝ አገር ተመልሰው፣ እስከ 1952 በካምብሪጅ ከጆርጅ ኬነርና ከአሌክሳንደር ቶድ ጋር ሠሩ።

ካምብሪጅ በዚያ ዘመን እንደ ምን ያለ ደብር ነበረች! ሳንገር ኢንሱሊን የሚባለው ፕሮቲን የተገጣጠመባቸውን አሚኖ አሲዶች በተርታ ይቈጥራል፤ ፔሩትዝና ኬንድሩ በራጅ ብርሃን የፕሮቲንን ቅርጽ ይመረምራሉ፤ ቶድ ደግሞ የኑክሊክ አሲድን አካላት እየፈታ እንደ ገና ይገጥማል። ኑክሊክ አሲድ የተባለው ነገር በ1869 በቱቢንገን ከተማ ፍሪድሪክ ሚሸር ከቁስለኞች ፋሻ ላይ በተገኘ መግል ውስጥ ካየው ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ስኳርና ፎስፌት እንዳለው፣ አራት ዓይነት ቤዝም እንዳለው ከታወቀ ቆይቷል፤ አንዱ ከአንዱ በምን ዓይነት ማሠሪያ እንደ ተያያዘ በጉልህ የታወቀው ግን በእነ ቶድ ድካም ነው፤ ቶድም በዚህ ሥራው በ1957 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ዋትሰንና ክሪክ በ1953 የዲኤንኤን ድርብ ጥምዝ ሲገልጡ ዓለም ሁሉ ቅርጹን አደነቀ፤ በኬሚስቱ ዓይን ግን ገና ያልተመለሰ ጥያቄ ነበር። ይህ ጽሕፈት ከሆነ፣ ሰው ራሱ ሊጽፈው ይችላልን?

በ1952 በካናዳ፣ በቫንኩቨር ከተማ፣ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የምርምር ጉባኤ ለኮራና ሥራ ሰጣቸው። የቤተ ሙከራው ዕቃ ጥቂት ነበር፤ የሥራ ነፃነቱ ግን ሰፊ ነበር። በዚያው ዓመት ኤስተር ኤልሳቤጥ ሲብለር የተባሉትን የስዊዝ ተወላጅ አግብተው፣ ከአገር ወደ አገር ለዓመታት ሲንከራተቱ የኖሩት ሰው ጎጆ ወጡ። ለዘመናት የሚነገርላቸውም ጥበብ መልክ የያዘው በዚህች ከተማ ነው።

ጥበቡን በቅርብ እንመልከተው። የዲኤንኤ ፊደል፣ ኑክሊዮታይድ የሚባለው፣ አንድ ስኳር፣ አንድ ፎስፌትና አንድ ቤዝ አለው። ስኳሩ ላይ ለመያያዝ የተዘጋጁ ሁለት እጆች አሉ፤ አንደኛው በሦስተኛው፣ ሌላኛው በአምስተኛው ካርቦን ላይ። በፍጥረት ሥርዓት የአንዱ ፊደል ሦስተኛ እጅ የሚቀጥለውን ፊደል አምስተኛ እጅ በፎስፌት አማካይነት ይይዛል። ኬሚስቱ ግን ሁለቱን ፊደላት እንዲያው በአንድ ጠርሙስ ቢጨምራቸው የፈለገውን አያገኝም፤ ሦስተኛው ከሦስተኛው፣ አምስተኛው ከአምስተኛው፣ በቤዙም ላይ ያለው አሚን ሳይጠሩት ገብቶ፣ ሁሉም ከሁሉም ይጋባልና። ስለዚህ እንዲሠራ ከሚፈለገው እጅ በቀር ሌላው ሁሉ መሸፈን አለበት። ኮራናና ባልደረቦቻቸው ለእያንዳንዱ እጅ የሚስማማ መከለያ ፈለጉ፤ ለአምስተኛው እጅ ትሪታይል የሚባለውን ወገን፣ ለሦስተኛው አሴታይልን፣ ለቤዙ አሚን ቤንዞይልንና መሰሎቹን። መከለያውን ማልበስ ብቻ አይበቃም፤ ጊዜው ሲደርስ ሌላውን ሳይነካ መገፈፍ ይገባዋል። ትሪታይል በአሲድ ይነሣል፤ አሴታይል በቀላል አልካሊ ይነሣል፤ የቤዙ መከለያ ግን ሥራው ሁሉ እስኪፈጸም ቆይቶ በመጨረሻ በአሞንያ ይገፈፋል። ዐመድ የለበሰው ፍም ከምድጃው ሲደርስ ብቻ እንደሚገለጥ፣ እያንዳንዱ እጅ በተራው ይገለጣል።

ከዙሪክ የመጣው ካርቦዳይኢሚድ ሥራው እዚህ ላይ ነው። ፎስፌቱና የስኳሩ እጅ ሲያያዙ መካከላቸው ውኃ ይወጣል፤ ውኃው ካልተወገደ ማሠሪያው አይጸናም። ይህ ንጥረ ነገር ፎስፌቱን ለሥራ ያነቃና ውኃውን ለራሱ ወስዶ፣ የዩሪያ ወገን የሆነ ነጭ ደቃቅ ሆኖ ከጠርሙሱ ሥር ይዘቅጣል። ግን ከውጭ አንዲት ጠብታ እርጥበት ብትገባ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ስለሚሆን፣ ሠራተኛው ፊደሉን ክፉ ሽታ ባለው ደረቅ ፒሪዲን ደጋግሞ እያተነነ እርጥበቱን ያባርራል። ሲፈጸምም የተያያዘውን ካልተያያዘው መለየት አለበት፤ ረጅም የሴሉሎስ ዓምድ ተክሎ፣ ጨውነቱ ቀስ በቀስ የሚያድግ ውኃ እያፈሰሰ፣ ሌሊቱን ሙሉ በጥቃቅን ቱቦዎች ሲያጠራቅም ያድራል፤ በማግስቱ ከየቱቦው ጥቂት ነጥቦ በወረቀት ላይ አሂዶ በማይታየው የአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ሲያየው፣ ፊደሉ ያለበት ስፍራ እንደ ጥላ ጠቁሮ ይታያል።

ይህን ሥራ ከባድ የሚያደርገው ደግሞ ስሌቱ ነው። አንድ ቅጥያ ከመቶው ሰማንያ ቢሳካ መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን ዐሥር ጊዜ የተቀጠለ እንደ ሆነ ከመቶው የሚተርፈው ዐሥራ አንድ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቂት ፊደል ያለው ቃል በመጨረሻ በእጅ ለማግኘት መነሻው ብዙ መሆን ነበረበት፤ ወራትም ያልፉ ነበር። ብራና የሚፍቅ፣ ቀለም የሚበጠብጥ፣ አንዲት ስሕተት ቢያይ ፍቆ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ የሚያውቅ ሰው ይህን ትዕግሥት ይረዳዋል፤ ልዩነቱ እነዚህ ጸሐፍት የጻፉትን ፊደል በዓይናቸው ሊያዩት አለመቻላቸው ነው።

በ1959 ኮራና ከጆን ሞፋት ጋር ሆነው ኮኤንዛይም ኤ የሚባለውን፣ ሕዋስ በብዙ ሥራዎቹ የሚገለገልበትን ረቂቅ ንጥረ ነገር በኬሚስትሪ ሠርተው አሳዩ። ስማቸው በዓለም የተሰማው በዚህ ነው። በ1960 በአሜሪካ ማዲሰን ከተማ ወደሚገኘው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የኢንዛይም ምርምር ተቋም ተሻገሩ።

አንድ ዓመት ሳይሞላ በዚያው በአሜሪካ ካለችው ከቤቴዝዳ ታላቅ ወሬ ተሰማ። ማርሻል ኒረንበርግና ሃይንሪሽ ማቴይ የባክቴሪያን ሕዋስ ፈጭተው፣ ከጭማቂው ላይ ዩ የምትባለው ፊደል ብቻ የምትደጋገምበትን አርኤንኤ፣ ማለት የዲኤንኤን ጽሕፈት ገልብጦ ለፕሮቲን ሥራ የሚያደርሰውን ኑክሊክ አሲድ፣ ቢጨምሩበት፣ ጭማቂው ፌኒልአላኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ብቻ የተቀጣጠለበትን ፕሮቲን ሠራ። የዚህ ጽሕፈት የመጀመሪያው ቃል ተነበበ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ክሪክና ብሬነር ከባልደረቦቻቸው ጋር በካምብሪጅ በቫይረስ ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ ንባቡ ሦስት ሦስት ፊደል እየተወሰደ እንደሚካሄድ የሚያመለክት ማስረጃ አቀረቡ። አራት ፊደላት ሦስት ሦስት ሆነው ሲጣመሩ 64 ቃላት ይወጣሉ፤ አሚኖ አሲዶች ግን ሃያ ናቸው። የትኛው ቃል የማን ነው?

ብዙዎች ሁለትና ሦስት ዓይነት ፊደል ቀላቅለው እንደ ዕጣ በተበተነ ቅደም ተከተል የተጻፈ አርኤንኤ እያዘጋጁ ሞከሩ። ይህ መንገድ በአንድ ቃል ውስጥ የትኞቹ ፊደላት እንዳሉ ይናገራል፤ ማን ቀድሞ ማን እንደሚከተል ግን አይናገርም። በፊደላችን «በረ» እና «ረበ» አንድ እንዳልሆኑ፣ እዚህም ቅደም ተከተሉ ትርጓሜውን ይለውጣል። ኒረንበርግ በ1964 ከፊሊፕ ሌደር ጋር ሦስት ፊደል ብቻ ያላት አጭር ቃል፣ ጽሕፈቱን አንብቦ ፕሮቲን ከሚሠራው ከራይቦሶም ጋር ስትጣበቅ የምትጠራውን አሚኖ አሲድ የሚያሳይ ብልህ ዘዴ አወጣ። ለዚህም ሥራ የሚያስፈልጉትን 64ቱን ቃላት ሁሉ የኮራና ቤተ ሙከራ አንድ በአንድ በኬሚስትሪ ሠራ። ይሁን እንጂ በዚያ ዘዴ አንዳንዱ ቃል መልሱ ይደበዝዝ ነበር፤ ሁለተኛ ምስክር አስፈለገ።

ኮራና ያቀረቡት ምስክር በሁለት ጥበባት የተሸመነ ነው። በኬሚስትሪ አጭርና ቅደም ተከተሉ በርግጥ የታወቀ የዲኤንኤ ፈትል ሠሩ፤ ያን አጭር ፈትል አርተር ኮርንበርግ ላገኘው ዲኤንኤ ፖሊሜሬዝ ለሚባለው ኢንዛይም ሰጡት፤ ኢንዛይሙም ያንኑ ደጋግሞ በመጻፍ አስረዘመው፤ ሌላ ኢንዛይም ደግሞ ወደ አርኤንኤ ገለበጠው። ኬሚስቱ ዘሩን ይሰጣል፤ ሕያው የነበረው ነገር ያባዛዋል። በዚያ ዘመን ኦርጋኒክ ኬሚስት ኢንዛይምን እንደ ርኩስ ነገር ሲሸሽ፣ የሥነ ሕይወት ሰው ደግሞ ከመከለያና ከፒሪዲን ሲርቅ፣ ሁለቱን በአንድ ማዕድ ያስቀመጠ ሰው ጥቂት ነበር።

እነሆ አንዱ ሙከራ። አርኤንኤው ዩሲዩሲዩሲዩሲ እያለ ይቀጥላል። የጥንቱ ጽሕፈታችን ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ ይለያል፤ ይህ ጽሕፈት ግን ሁለት ነጥብ የለውም፤ አንባቢው ራሱ እየቆጠረ መክፈል አለበት። ሁለት ሁለት እያደረገ ቢያነብ የሚያገኘው ዩሲ፣ ዩሲ፣ ዩሲ ነው፤ አንድ ቃል ብቻ ስለሚደጋገም አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ይወጣል። አራት አራት ቢያደርግም እንዲሁ ነው። ሦስት ሦስት ቢያደርግ ግን ዩሲዩ፣ ሲዩሲ፣ ዩሲዩ፣ ሲዩሲ ይሆናል፤ ሁለት ቃላት ይፈራረቃሉ። የተገኘው ፕሮቲን ተመረመረ፤ ሴሪን፣ ሊውሲን፣ ሴሪን፣ ሊውሲን እየተፈራረቀ የተሰለፈ ሆነ። በክሪክና በብሬነር ሥራ የተመለከተው ነገር አሁን በሚዳሰስ ቁስ ተመሰከረ። ሦስት ፊደል በሚደጋገምበት ጽሕፈት ደግሞ፣ ዩዩሲዩዩሲ እያለ በሚሄደው፣ ንባቡ ከየት እንደሚጀመር ስላልተወሰነ ሦስት ልዩ ልዩ ፕሮቲኖች ወጡ፤ አንደኛው ፌኒልአላኒን ብቻ፣ ሁለተኛው ሴሪን ብቻ፣ ሦስተኛው ሊውሲን ብቻ።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካው ግን ያልወጣው ፕሮቲን ነው። ጂዩኤኤ የሚደጋገምበትን ጽሕፈት ለጭማቂው ሲሰጡት፣ ረጅም ሰንሰለት በመሆን ፈንታ ሁለትና ሦስት አሚኖ አሲድ ብቻ ያላቸው ቁርጥራጮች ወጡ። ከየትም ተጀምሮ ቢነበብ ከአራት ቃላት አንዱ ዩኤኤ ይሆናልና፤ ዩኤኤም የማንም አሚኖ አሲድ ስም አይደለም። እዚያ ሲደርስ አንባቢው ይቆማል። የዚህ ጽሕፈት አራት ነጥብ በሦስት ፊደል የሚጻፍ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያሉ ማቆሚያዎች ሦስት ናቸው፤ የቀሩት 61 ቃላት ለሃያዎቹ አሚኖ አሲዶች ተደለደሉ።

በ1968 የኖቤል የሕክምና ሽልማት ለኮራና፣ ለኒረንበርግና ለሮበርት ሆሊ ተሰጠ። ሆሊ በ1965 በእርሾ ውስጥ አላኒን የሚባለውን አሚኖ አሲድ የሚሸከመውን አርኤንኤ 77 ፊደላት በተርታ ያነበበ ሰው ነው። የዛፍ ሥር ተማሪው በስቶክሆልም ሲቆም፣ በዚያ ሜዳሊያ ላይ ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ወጣት ባልደረቦች ሌሊቱን በቱቦዎች አጠገብ ያደሩ መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም፤ ይህ ሥራ በተፈጥሮው የአንድ ሰው እጅ ብቻ ሊፈጽመው የማይችል ነበርና።

ሌላው ሰው በዚህ ክብር ያርፍ ይሆናል። ኮራና ግን በ1970 ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሲሄዱ፣ በዚያው ዓመት ሆሊ ያነበበውን አርኤንኤ የሚያስገኘውን ዘረመል ሙሉ በሙሉ በሰው እጅ መጻፋቸውን አስታወቁ። አጫጭሮቹን ቁራጮች በኬሚስትሪ ሠርተው፣ የአንዱ ጫፍ ከሌላው ጋር እንዲደራረብ አስተካክለው፣ ሊጌዝ በሚባለው ኢንዛይም ሰፏቸው። ነገር ግን ያ ዘረመል ንባቡ የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ምልክት አልነበረውም፤ በሕዋስ ውስጥ ሕያው ሆኖ መሥራቱ ሊፈተን አልቻለም። ስለዚህ ሥራው እንደ ገና ተጀመረ። በ1976 ከባክቴሪያ የታይሮሲን ተሸካሚ አርኤንኤ ዘረመል፣ ከነመነሻ ምልክቱ 207 ጥንድ ፊደላት ያሉት፣ ተጽፎ ተፈጸመ፤ በቫይረስ ተጭኖ ወደ ባክቴሪያ ሲገባም እንደ ተፈጥሮው ሠራ። ሕዋሱ የሰውን ጽሕፈት ከራሱ ጽሕፈት አልለየውም።

ከዚያ በኋላ ኮራና ያን መስክ ለሌሎች ትተው፣ የሕዋስ ሽፋን ውስጥ የሚኖሩ ፕሮቲኖችን፣ ይልቁንም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን ሮዶፕሲን ወደ መመርመር ዞሩ፤ በ2007 ከሥራ ተሰናብተው፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2011 በማሳቹሴትስ፣ በኮንኮርድ ከተማ ዐረፉ። የእጅ ጥበባቸው ግን ከእሳቸው ጋር በሠሩ ወጣቶች እጅ ቀጠለ። በቫንኩቨር የሠራው ማይክል ስሚዝ በተጻፈ አጭር ዲኤንኤ የዘረመልን አንድ ፊደል መርጦ የመለወጥን ዘዴ አውጥቶ በ1993 ኖቤል ተሸለመ። በማዲሰንና በማሳቹሴትስ የሠራው ማርቪን ካሩዘርስ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፎስፎራሚዳይት የሚባለውን ፈጣን የአቀጣጠል ዘዴ ሲያወጣ፣ ወራት ይፈጅ የነበረው ሥራ በመሣሪያ በሰዓታት የሚያልቅ ሆነ። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ከተማ የአፍንጫ ናሙና ሲመረመር፣ ቫይረሱን ፈልጎ የሚያገኘው እንዲህ ባለው መንገድ የተጻፈ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ነበር።

ዛሬ ያ መሣሪያ በቤተ ሙከራ ጥግ ተቀምጦ ማንም ሳይነካው ይጽፋል። ረጅሙ ዓምድ የለም፤ ፊደላቱ የሚቀጣጠሉት ከጣት በምታንስ ዕቃ ውስጥ በታሸጉ ጥቃቅን የብርጭቆ ፍሬዎች ላይ ነው። ነገር ግን የፊደሉን አምስተኛ እጅ የሚሸፍነው መከለያ ያው በእነ ኮራና ቤት የተመረጠው፣ ዳይሜቶክሲትሪታይል የሚባለው ነው። አሲዱ ሲያልፍበት መከለያው ይገፈፍና ውኃ የሚመስለው ፈሳሽ በድንገት ደማቅ ብርቱካናማ ይሆናል፤ በቀጭኑ ቱቦ ወደ ውጭ ሲወርድም ሠራተኛው ቀለሙን ያያል። ደምቆ ከወረደ ፊደሉ ተቀጥሏል ማለት ነው፤ ፈዝዞ ከወረደም መሣሪያውን አቁሞ እርጥበት ከየት እንደ ገባ ይፈልጋል።